መብራት የዋጠ ቀለም

አባትየው ብሩሽ ከያዘ በቤቱ ውስጥ አንድም ነገር በተፈጥሮ መልኩ አያድርም። ጡረታ የወጣ ሰሞን በአጥሩ በር ጀመረ፤ ወደ ወንበሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቧንቧው ተሻገረ። አምና የበሩን ደወል «ይመርበት» ብሎ ደራርቦ ቢቀባው፣ የመጫኛዋ ቁልፍ ከክፈፏ ጋር ተጣብቃ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሁሉ የሚገባው በጩኸት ነው። እናትየው «ዝም ብዬ አንድ ቦታ የተቀመጥኩ ቀን እኔንም ይቀባኛል» ትላለች።

የዘንድሮዋ ተረኛ አሮጌዋ መኪና ነበረች። ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ስትቀርብ መርማሪው «ዝገት በልቷታል» ብሎ ቢመልሳት፣ አባትየው መብራቶቿን ፈታትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ውስጥ ውጭዋን እንደ ሙሽራ ኳላት። ዳግም ስትቀርብ ዝገቱ ጠፍቷል፤ መብራቱ ግን አብዷል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ጭል ጭል ይላል፤ ፍሬቻ ሲሰጥ የፍሬን መብራቱ ይጠቅሳል። መርማሪው ከኋላዋ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አባባ፣ ወዴት እንደምትታጠፍ ለራሷም አልነገሯትም እንዴ?»

ይሄ ሳቅ ነው ያንገበገበው። «እስከ ነገ ማታ ካላለፈች ለቁርጥራጭ ብረት ትሂድ!» ብሎ ለአንድ አሮጌ ብረት ገዢ ቃል ሰጠ። የሰውየው ቃል ደግሞ እንደ ቀለሙ ነው፤ አንዴ ከደረቀ አይለቅም።

ትንሿ ልጁ የአሳንሰር ጠጋኝ ናት። ከሆስፒታል ተወልዳ የመጣችው በዚህች መኪና ነው፤ መንዳት የተማረችውም፣ አጥሩን የገጨችውም በሷው ነው። «ሰው ጭኖ ሰማይ የሚወጣ ሳጥን የምጠግን ሴትዮ ለአምፖል እጄን አልሰጥም!» ብላ በማግስቱ ከጠዋት ጀምራ ተያይዛዋለች። አምፖሎቹን ቀየረች፤ ፊውዞቹን ቀየረች። እብደቱ ግን ያው ነው።

«እማዬ፣ እርገጪ!»

«ረገጥኩ!» እናትየው መሪውን በሁለት እጇ አንቃዋለች። «ምን በራ?»

«ፍሬቻው።»

«እኔ ፍሬቻ የሚባል ነገር አልነካሁም! ያልዋልኩበት አታውሉኝ!»

አባትየው መኪናዋን ይዞራል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይዞራል። «ተዪው ልጄ። የሷም ቀን ደርሶ ይሆናል» አለ፤ እጁ ግን ጣሪያዋን ይዳብሳል።

ይሄኔ የጭነት መኪና አጥሩ ጥግ ገተር አለ። ብረት ገዢው ነው። በአጥሩ በር ፍርግርግ በኩል ደወሉን ሲጫን ታየ። ዝም። ጣቱን አራግፎ እንደገና ተጫነ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለና «ኧረ እናንት ቤቶች!» ብሎ አንባረቀ።

ልጅቱ የተቀባውን ደወል ትክ ብላ አየችው።

«ቀለም!» ብላ ከኋላ መብራቱ የምትወጣ ጥቁር ሽቦ ይዛ ጮኸች። «አባዬ! ዝገቱን ስትፍቅ ይህችን ጥቁር ሽቦ ከብረቱ ፈተሃታል?»

«ፈትቼማ! ሥሯን ሁለት እጅ ቀብቼ መለስኳት። አይታይም ብዬ ሥራ ልሸቅጥ?»

«እሷ እኮ ማሳዋ ናት! ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ በመኪናዋ ብረት ወደ ባትሪው የሚመለሰው በሷ በኩል ነው። በሩን በቀለም ዘጋህበት! ደወሉ እንቢ ሲለው አጥር ላይ እንደተንጠለጠለው ሰውዬ፣ እሱም መውጫ ሲያጣ በጎረቤት አምፖል በኩል ይሾልካል!»

«ለማየት ያብቃሽ» አለ አባትየው፤ ፊቱ ግን ተለዋወጠ።

ቁራጭ ሽቦ መዥረጥ አድርጋ ብሩሽ ያልደረሰበት ብረት ፍለጋ ገባች። በዚያ ቤት ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። በስንት መከራ የኋላ ክዳኑ መቆለፊያ ላይ በመክፈት በመዝጋት ብዛት የሞለጨ ብረት ተገኘ። የሽቦውን አንድ ጫፍ እዚያ፣ ሌላውን የመብራቱ ማሳ ላይ አስነካች።

«እማዬ፣ እርገጪ!»

የፍሬን መብራቱ እንደ ፍም ቦግ አለ። ፍሬቻው እንደ ጨዋ ልጅ ተራውን ጠበቀ። እናትየው እልል አለች፤ የበራውን ግን አላየችም።

«በቃ፣ ሽቦዋ ሥር ያለው ቀለም ይፋቅ» አለች ልጅቱ ሽቦዋን ፈትታ ቢላ እያነሳች፤ ድምፅዋም ወዲያው ዝቅ አለ። «የጥፍር ታህል ብቻ ነው፣ አባዬ።»

አባትየው የሚያብረቀርቀውን ሥራውን አየ፤ ገዢውን አየ። ከዚያ ቢላውን ከእጇ ወሰደ። «የቀባሁትን የምፍቅ እኔው ነኝ።» አንገቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው፣ ቀጭ ቀጭ አደረገው። ብረቱ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ሽቦዋን መልሳ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ገዢውን አስገብታ ከኋላ አቆመችው።

«ግራ! ቀኝ! ፍሬን!» እያለ መሰከረ ምስኪኑ። «ወይ ጉድ! ገበያዬን በገዛ አፌ ገደልኩት!»

እናትየው «እግሬ ከፔዳል ጋር ተጣበቀ» ብላ ቀረች። አባትና ልጅ ምርመራው ሳይዘጋ በሩጫ ደረሱ። ያ መርማሪ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ከኋላ ቆመ፤ ግራ አለ፣ ቀኝ አለ፣ ፍሬን አለ። የሚስቅበት አጣና «እለፉ» አለ።

ቤት ሲደርሱ ልጅቱ በሩን ልትደበድብ እጇን አነሳች። አባትየው «ቆይ» አላት። ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ የደወሏን ዙሪያ በቀስታ ፋቀና በአውራ ጣቱ ተጫናት።

ጢርርርር!

«እንዴ!» እናትየው ከውስጥ ደነገጠች። «ይሄ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

አባትየው ጣቱን ሳያነሳ ጮኸ። «እኛ ነን! አለፍን!»