ያልተከፈለለት መንታ

«ከሁለቱ ያልተከፈለለት የትኛው ነው?»

ይህን የጠየቀኝ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ታቱ ቺሉምባ ነበር፤ እኛ ወንዱን ታቱ፣ ሴቷን ማሙ ብለን ነው የምናከብረው። ልጆቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ክንዴ ላይ ተኝተዋል።

ባለቤቴ ባዲባንጋ ከገጠር በቆሎ በብስክሌት ጭኖ፣ እየገፋ ወደ ምቡጂ-ማዪ ገበያ የሚያመጣ ሰው ነው። የማዋለጃውን ሂሳብ ሆዴ ገና ሳይታወቅ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ከፍሎ ጨርሷል። የከፈለው ግን ለአንድ ልጅ ነው። ምቡዪ ተወለደ፣ እልል ተባለ። ካባንጋ ተከተለ፣ እልልታው እጥፍ ሆነና ሂሳብ ክፍል ድረስ ተሰማ።

ያልተከፈለለት ሰው ከሆስፒታል እንደማይወጣ ማንም ያውቃል። እኔ የማላውቀው ሕጉ ስለ መንታ ምን እንደሚል ነበር።

«ማሙ፣ አንቺ ተከፍሎልሻል» አለኝ ቺሉምባ። «ከልጆቹም ለአንዱ ተከፍሏል። ሁለታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አንደኛው ይቆያል።»

«የት ነው የሚቆየው?»

«አልጋው ላይ ነዋ!»

«ገና መወለዱ እኮ ነው! ማን ያጠባዋል?»

«አንቺ ነሻ። በጠያቂ ሰዓት ነይ። ጠያቂ አንከለክልም።»

ካባንጋ ትንሽ ነው። ጥቂት ይጠባና ይደክመዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነቃል። በጠያቂ ሰዓት ብቻ ጠብቶ እንደማያድር እኔ አውቃለሁ።

ያዳነችኝ አማቴ ምቦምቦ ናት፤ አያት ናትና ሁሉም ካኩ ይላታል። የስጦታ መቀበያ ሰፌድ ይዛ ገባችና ልጆቹ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አንተ ልጅ፣ የሉባ ሰው አይደለህም እንዴ?» አለችው ቺሉምባን።

«ነኝ፣ ካኩ።»

«እናትህ ስለ መንታ ምንም ሳትነግርህ ነው ያሳደገችህ? ፊታቸው ቆመህ ባለዕዳው የቱ ነው ትላለህ? የተቀየመ መንታ ወደ መጣበት እንደሚመለስ አታውቅም?»

ቺሉምባ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ካኩ። መዝገቡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«እንግዲያው ጣል።»

መንታ ያየ ሰው ባዶ እጁን አያልፍም፤ ለአንዱ የሰጠውን ያህል ለሌላውም ይሰጣል። ቺሉምባ ከኪሱ አወጣና እኩል እኩል ሰፌዱ ላይ ጣለ።

ካባንጋን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝ ሦስታችንም ቆየን። የቺሉምባ ሥራ ጠዋት ጠዋት እየዞረ አልጋ መቁጠር ነው። በመጣ ቁጥር ያያቸዋል፤ ባየ ቁጥር ይጥላል። ካኩ ሰፌዱን ይዛ ተከትላው ትሄድና እዚያው የሂሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ ትከፍለዋለች። ከራሱ ኪስ የወጣውን ገንዘብ ራሱ ቆጥሮ፣ ደረሰኝ ጽፎ ይሰጣታል። ሂሳቡ ግን አልቀነሰም። ካባንጋ ስላልተከፈለለት ተያዘ፤ ስለተያዘ የአልጋ ኪራይ ይታሰብበታል፤ የአልጋው ስለሚታሰብበት ደግሞ ተከፍሎ አያልቅም።

በመጨረሻ ቺሉምባ መላ አገኘ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ መቁጠር ጀመረ።

«አልጋ ስድስት! አላችሁ?»

«አለን» እላለሁ።

«አላየኋችሁም!» ብሎ በመጣበት ይመለሳል። አንድ ቀን ባልዲ ላይ ወደቀ።

ይህን የሰሙት የባዲባንጋ አክስቶች የመንታ ዘፈን ሊዘፍኑ መጡ። የመንታ ዘፈን ስድብ ነው። ወላጆቹንም ጎረቤቱንም ይሰድባል፤ የተሰደበ ሰው ደግሞ መቆጣት አይፈቀድለትም፤ ማጨብጨብ አለበት። መጀመሪያ የሰደቡት ባለቤቴን ነው፤ «ይህ ፍየል፣ አንዱ አልበቃው ብሎ» አሉት። ቀጥለው ወደ ሂሳቡ መስኮት ዞሩ።

*ቺሉምባ ዓይኑን ጨፈነ፣*
*ሚስቱም እሱን ስታይ እንዲሁ ናት አሉ!*

ቺሉምባ ደረሰኙን አስቀምጦ አጨበጨበ። ምን ያድርግ?

በዚያው ሰሞን ባዲባንጋ ከቀረው ሂሳብ ግማሹን ተበድሮ አመጣ። ቺሉምባ ተቀብሎ ጻፈና «እንግዲህ ግማሽ ካባንጋ ተከፍሏል» አለ።

«እስከ ወገቡ ይውጣላ!» አለች ታናሽዋ አክስት።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ የተኛው ሕፃን ማሳል ጀምሯል። ነርሷ ንቱምባ ጎንበስ ብላ «ማሙ ቢፔንዱ፣ ከቻልሽ ትንሹን ዛሬውኑ አውጪው፤ ሳሉ ይተላለፋል» አለችኝ። የዚያን ቀን ካባንጋ ጡቴን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው፤ ብቀሰቅሰውም አልሳበም።

ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። «ታቱ፣ ልጆቹ ይሂዱ። እኔ ልቅር።»

«አይሆንም፣ ማሙ። አንቺ ተከፍሎልሻል። የተከፈለለትን ሰው ማስቀረት ክልክል ነው። ኋላ በሕግ ትጠይቂኛለሽ።»

«አልጠይቅህም!»

«እንደዚያ የሚሉት ናቸው የሚጠይቁት።»

ካኩ ከኋላዬ መጣች። «ልጄ፣ መዝገብህ የሚፈልገው ምንድን ነው? ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

«ማታ ስቆጥር አልጋ ስድስት ላይ ከዚህ ወሊድ ያልተከፈለለት አንድ ነፍስ መኖር አለበት፣ ካኩ። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

ካኩ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለች። «በእኛ በሉባ፣ የመንታ አባት ምንድን ነው?»

«እሱም አራስ ነው» አለ ቺሉምባ። ይህን የማያውቅ የለም። የመንታ አባት እንደ እናትየው ይታረሳል፤ ይዘፈንለታል፣ ይሰደባል፣ ስጦታ ይቀበላል።

«ታዲያ ለአራሱ ለባዲባንጋ ተከፍሏል?»

ቺሉምባ መዝገቡን ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እናት፣ ተከፍሏል። አንድ ልጅ፣ ተከፍሏል። ሁለተኛ ልጅ፣ ግማሽ። አባት የሚል የለም። ፊቱ በራ።

«እውነትም ይህ ሰው ምንም አልተከፈለለትም! እስካሁን ዝም ብሎ ሲገባና ሲወጣ ነበር!»

ባዲባንጋን ጠርተው አልጋ ስድስት ላይ አስተኙት። መዝገቡ ላይ ስም መሰረዝ ስለማይቻል ካባንጋ እጁ ላይ በክር የታሰረለት የስም ምልክት ለእሱ ተላለፈ። ክሩ ለአንጓው ስላልበቃ ንቱምባ ትንሽ ጣቱ ላይ አሰረችለት። በሰበካችን የእናቶች ትምህርት ገና ፊደል ማያያዝ መጀመሬ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩት። *ካ-ባ-ን-ጋ። ወንድ። ሁለት ኪሎ።*

«አሁን ልደቴ መቼ ነው?» አለኝ ባዲባንጋ።

«ዝም በል፣ ሕፃን አይናገርም» አለችው ካኩ።

ሐኪሙ ሊጎበኝ የገባው በዚህ መሃል ነው። ምልክቱን አየ፤ ከአልጋው ጫፍ የወጡትን እግሮች አየ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ነው።

«ይጠባል?» አለ።

«በደንብ ይጠባል» አለች ንቱምባ።

«ጥሩ ነው። ክብደት ጨምሯል» ብሎ ጻፈና አለፈ።

ባዲባንጋ እጄን ያዘ። «በቆሎው ቤት ውስጥ እርጥበት እንዳይነካው። ብስክሌቱን ለወንድሜ ስጪው፣ እሱ ይሥራበትና ሂሳቡን ያምጣ።»

«መቼ ትወጣለህ?»

«ሲከፈልልኝ» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ።

ካባንጋን ደረቴ ላይ አቀፍኩት፣ ምቡዪን ካኩ አዘለችው። ቺሉምባ ዓይኑን ጨፍኖ የመውጫ ወረቀቱን ሰጠኝ። የሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ስንደርስ ካባንጋ ነቅቶ አለቀሰ፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጡቴን ሰጠሁት፤ ሳበ።

የዚያን ቀን እኔ፣ ምቡዪ፣ ካባንጋና ካኩ ምቦምቦ ወጣን። ባዲባንጋ ቀረ።