አራተኛው ቋጠሮ

ደግፌ በአምቦ ፍል ውሃ ፎጣ ያድላል፤ ከፎጣው ጋር ወሬ ይመርቃል። የአምቦን ውሃ እስኪበቃት የጠጣች ፍየል ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሯ ከመሬት ተላቆ፣ ጉደር ገበያ መሃል ዱብ ስትል በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቆመውም መምህሩን እሱ ማስተማር ስለጀመረ ነው፤ እንደ እሱ አባባል።

ሚስቱ አሰፋሽ ወንጪ ሐይቅ ዳር ያደገች ናት። የቀበሌ የሲሚንቶ ቤት ሲገቡ ብዙ ነገር ትታ መጣች፤ የእናቷን የክረምት ሥርዓት ግን አልተወችም። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ከሰዓት የእንሰት ቃጫ ትገምድና ለቤቱ ሰው ሁሉ አንዳንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። አባወራው ስም እየጠራ፣ «ክረምቱን ተሻገር» እያለ ቋጠሮውን በጥርሱ ነክሶ ያጠብቃል። ገመዱ እስከ መስቀል በዓል ድረስ የቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰነብታል፤ የተቋጠረውን ሰው መብረቅም ጎርፍም ንዳድም አያገኘውም። የሞተ ሰው ስም ግን አይጠራም። ከተጠራ ሟቹ ሕያዋኑን በዚያው ገመድ ይስባቸዋል።

የሲሚንቶ ቤት ምሰሶ የለውም፤ ስለዚህ አሰፋሽ የመብራት ቆጣሪው ላይ ታንጠለጥለዋለች። ቆጣሪ አንባቢው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢል ደግፌ፣ «መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡን የምንቆጥርበት ነው» አለው። ሰውዬው ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ልጃቸው ተድላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በሰማንያ፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ እጁ የተቆረጠ ወታደር ገላውን ሊታጠብ መጣ። ፎጣውን በቀረችው እጁ ተቀብሎ፣ «ኦቦ ደግፌ እርስዎ ነዎት?» አለ። ተድላ ሰሜን ላይ ወድቋል።

ያን ዕለት ደግፌ ቤቱ ሲገባ አሰፋሽ ወጥ እያማሰለች፣ «ዛሬስ ምን ወሬ ይዘህ መጣህ?» አለችው። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«ከሰሜን የመጣ ወታደር አገኘሁ። ተድላ የጄኔራል ወጥ ሠሪ ሆኗል! ሥጋ ጠግቦ ሱሪ እምቢ ብሎታል!»

ሳቀች። በማግስቱ ሌላ ጨመረላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጁ ግመል ጋለበ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ዋኘ፣ አሥር አለቃ ሆነ። አሰፋሽ እቤት ትስቃለች፤ ደግፌ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኖ ያለቅሳል።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። አሰፋሽ ባለ አራት ቋጠሮ ገመዷን ይዛ ከፊቱ ተቀመጠች። ሴት ልጃቸው ዓለሚቱ አጠገባቸው ካልሲዋን ትጠግናለች።

«ዘንድሮ ጥርሴን ያመኛል» አለ።

«ትናንት ቆሎ እንደ ወፍጮ ስትፈጭ ነበርኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

የራሱን ነከሰ። የእሷን ነከሰ። «ዓለሚቱ፣ ክረምቱን ተሻገሪ» ብሎ ሦስተኛውን አጠበቀ። አራተኛው ላይ ቆመ። የወንጪን ሥርዓት ሲቀልድበት ኖሯል፤ አሁን ግን ዓለሚቱ እዚያው ገመድ ላይ ናት። የተድላን ስም እንዳይጠራ ለእሷ ፈራ፤ ባይጠራ እናቲቱ ልታውቅ ነው።

«ጥራው እንጂ!»

ቃጫውን በጥርሱ እንደያዘ ቀረ።

«አባዬ ደግሞ ጀመረው!» አለች ዓለሚቱ፣ እየሳቀች።

አሰፋሽ አልሳቀችም። እንባው ወደ ገመዱ ሲወርድ አየች። ቀስ ብላ ገመዱን ከአፉ አወጣችው።

«መቼ?»

«ግንቦት።»

«ግመሉስ?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አሥር አለቃውስ?»

«እኔ ነኝ፣ አሱ።»

«ሥጋ ጠገበ ያልከኝ…»

ዓለሚቱ ካልሲውን ጥላ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። አሰፋሽ ባሏን በኮሌታው ያዘችው።

«ቀባሪስ አገኘ? እሱን ብቻ እንዳትዋሸኝ! በሚካኤል ይዤሃለሁ!»

ደግፌም ይህንኑ ወታደሩን ጠይቆት ነበር። ወታደሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ዝም ነው ያለው።

«ጓደኞቹ ቀበሩት» አለ ደግፌ። «በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ግራር ሥር።»

«ቄስ ነበር?»

«ቄስ የነበረ ወታደር ፈታው።»

ደግፌ በዕድሜው እንዲህ አሳጥሮ አውርቶ አያውቅም።

«ዝናብ ነበር?»

«አልነበረም። ደረቅ መሬት ነው።»

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በሩን ገፍተው ገቡ። አሰፋሽ ኮሌታውን ለቃ እጁን ያዘችው።

«በል ንገራቸው» አለች። «ልክ ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ንገራቸው።»