የእድሩ ድንኳንና የእትዬ አሰለፈች ፈቃድ

አባቴ ለቅሶ ቤት ሄዶ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም ነበር። ዝናብ ይዝነብ፣ ፀሐይ ይክረር፣ እሱ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጣል። የደብረ ታቦር ክረምት ደግሞ ጃንጥላ የሚያከብር ክረምት አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ለቀስተኛ «እኒያ ሰውዬ ምን ሆነው ነው ውጭ የተቀመጡት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «አይ፣ ዘውገ ነው፤ ድንኳን አይስማማውም» ይሉታል። ከዚያ ይሳሳቃሉ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ነው የሚስቁት፤ እኔ ግን አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የላይኛው ሰፈር እድር ንብረት ጠባቂ ነበር። የእቃ ቤቱን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮት ይውላል። የእትዬ አሰለፈች ባል የሞቱ ጊዜ ድንኳኑ እሳቸው ግቢ ተተከለ። ሐዘንተኛው ሲበተን ጎረምሶች ነቀሉት፤ ቋሚውንና ገመዱን ተሸክመው፣ ሸራውን በጆንያ ጠቅጥቀው አመጡ፤ አባቴም ተቀብሎ ቆለፈበት። ቀጥሎ ሰው ሲሞት ጆንያው ተፈታ። ውስጡ ጭድ ነበር።

ቁልፉ ያለው አባቴ አንገት ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ማን ይመራመራል? ዘውገ ሸራውን ሸጦ በላው ተባለ። ፖሊስ ጠየቀ፣ ፈተሸ፣ ምንም ስላላገኘ ፋይሉን ዘጋው። እድሩ አዲስ ድንኳን ገዛ፤ አባቴም ድንጋዩን ያዘ።

ያኔ እናቴን በሞት ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። አድጌ ኩዌት ሄድኩና የሰው ቤት ስጠርግ ኖርኩ። አንድ ቀን የማዳሜ ቀለበት ጠፋ፤ ሻንጣዬ የልጆቿ ዓይን እያየ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ቀለበቱ በኋላ ከሶፋው ትራስ ሥር ተገኘ። ይቅርታ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። የአባቴ ድንጋይ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሌላም ነገር ተማርኩ፦ የጠፋ እቃ ብዙ ጊዜ ከጠፋበት ክፍል አይወጣም።

ተመልሼ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈትኩ። ከደንበኞቼ አንዱ ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ፈንታሁን ናቸው፤ ሻይ ሳይሆን ስኳር በሻይ ነው የሚጠጡት። ያኔ የድንኳኑን ነገር የመረመሩት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ያን ጊዜ የት የት ፈተሻችሁ?»

«ያልፈተሽነው የለም! የእናንተን ቤት ደጋግመን፣ እቃ ቤቱን፣ የአንበሳሜን ገበያ ሳይቀር።»

«እትዬ አሰለፈች ቤትስ?»

ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ምን ነካሽ የምስራች? ሴትዮዋ ባሏን ቀብራ ማቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ሐዘን ቤት ይፈተሻል እንዴ?»

«ሸራው መጨረሻ የታየው እሳቸው ግቢ ነውኮ!»

«እሱስ ነው» አሉ። ከዚያ ስኳሩ ሟሙቶ ያለቀውን ሻይ ብዙ ጊዜ አማሰሉት። «አሁን ደግሞ እኔም ፖሊስ አይደለሁ፣ ፋይሉም ተዘግቷል። ባለቤቲቱ ራሷ ካልፈቀደች የሰው በር አይረገጥም።»

ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? «እትዬ፣ ሌባ መሆንዎን እንዳረጋግጥ ቤትዎን ያሳዩኝ» ይባላል? ያውም እትዬ አሰለፈች! በሰፈሩ አባቴን እንደ ሰው የሚያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በየበዓሉ ጠላና ዳቦ ይልኩለታል። በኅዳር ሚካኤል ዝክራቸው፣ በኖራ ተለቅልቆ ከሚያበራው ኮርኒሳቸው ሥር፣ ከቄሶቹ ቀጥሎ ያስቀምጡታል። ሰፈሩም ዝም አላለም፤ «ሴትዮዋ ዓይኗን ጥላበታለች» እያለ ያማቸዋል።

ምክር ፍለጋ የአባቴ ጓደኛ መሪጌታ ምሕረትአብ ዘንድ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስጠኑ ነበር፤ በአንድ ጆሯቸው ሰሙኝ። «እንዲህ ያለውን ነገር አንቺ አትጠይቂም» አሉኝ። «ሽማግሌ ይሄዳል። ለአባትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታና ሃምሳ አለቃ፣ ቁጥር እንዲሞላ ደግሞ አንድ ጆሯቸው የከበደ ጎረቤት ጨምረው፣ ከእኛ ቤት ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔ ከእትዬ አሰለፈች በር ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆሜ ሽንኩርት መረጥኩ። እንዲያ ተመርጦ የተገዛ ሽንኩርት በደብረ ታቦር የለም።

እትዬ አሰለፈች በሩን ከፍተው ሦስቱን ሽማግሌዎች ሲያዩ ደነገጡ። ገርበብ አደረጉትና ተመለሱ። እንደገና ሲከፍቱ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። «ተቀመጡ» ቢባሉ፣ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪጌታ በግዕዝ ጸሎት ከፈቱ፤ የመሪጌታ ጸሎት ደግሞ ቶሎ አይዘጋም። ጸሎቱ መሐል ላይ እትዬ አሰለፈች አላስችል ብሏቸው፣ «ከዘውገ ቤት ናችሁ?» አሉ። ሃምሳ አለቃ «አዎን» አሉ። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያው እስከ መጭው እሑድ ጊዜ ስጡኝ። ለእሱ ሳልነግረው መልስ የማልሰጥበት ነገር አለ። አሁን ተቀመጡ» አሉ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ጆሯቸው የከበደው ሽማግሌ መረቁ፤ ምን እንደመረቁ እሳቸውም አያውቁም።

ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸው። «ፈቀዱ?»

«ስለ ፍተሻው አላነሣንም» አሉ መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን አወራችሁ?»

ሃምሳ አለቃ ጢማቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ለአባትሽ ያጨንለት ይመስለኛል።»

አባቴ ወሬውን የሰማው ወፍጮ ቤት ነው። ጤፉን ሳያስፈጭ ተመለሰና ጮኸብኝ። ነገሩን ከሥሩ ስነግረው ይበልጥ ጮኸ። «ቤቷን ልታስፈትሺ? በዚህ አገር ቀና ብላ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ልታሳጪኝ ነው?» ወጣ፣ ገባ፣ እንደገና ወጣ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ፣ «ለመሆኑ… ወዲያው እምቢ አላለችም?» አለኝ።

«ጊዜ ስጡኝ ነው ያሉት።»

«እንዲያ አለች?» አለ። በማግሥቱ ጢሙን ተስተካክሎ፣ ኮቱን አጥቦ አገኘሁት። አንድም ነገር አልጠየቅኩም። እሱ ግን፣ «ሰው በሐሰት ተስፋ አይያዝም። ሂጂና ሽማግሌዎቹ የተላኩበትን ቁርጡን ንገሪያት» አለኝ። በሩን ስከፍት ደግሞ፣ «ቀስ ብለሽ» አለ።

ዝናብ እየጣለ ገባሁ። እትዬ አሰለፈች አዲስ ሹሩባ ተሠርተው ነበር። አሁን ካልተናገርኩ ጨርሶ እንደማልናገር ስለማውቅ ገና ሳልቀመጥ አፈረጥኩት፦ ሽማግሌዎቹ ለትዳር አልመጡም፣ የላክኋቸውም እኔ ነኝ፣ የመጡት የጠፋውን ሸራ እዚህ ቤት ለመፈለግ ፈቃድ ሊለምኑ ነው፣ አባቴም አያውቅም ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ሹሩባቸውን ዳሰሱ። «ራሴን ያሳመምሁት በከንቱ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ፈቃድ ነው የምትለምኝኝ?»

«አዎ እትዬ። ይፍቀዱልኝ።»

«ቀና በይ።»

ቀና አልኩ። ኮርኒስ ነው። ጥጉን ዝናብ ያጠየመው፣ በኖራ ላይ ኖራ የተቀባ ኮርኒስ። እትዬ አሰለፈች የመጥረጊያውን እንጨት አንሥተው ፋቁት። ኖራው በሁለታችንም ራስ ላይ ረገፈ። ከሥሩ ቀይ ፊደል ወጣ፤ የተጻፈው በላይኛው ገጽ ስለሆነ የተገለበጠ ነው። ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩት። እድር ይላል።

ሃምሳ አለቃ ፈንታሁን በየዓመቱ ሚካኤልን እዚህ ሥር ተቀምጠው ጠጥተዋል። መሪጌታም፣ እኔም፣ የእድሩ ዳኛም። ከድንኳን ሁሉ የሸሸው አባቴ እፎይ ብሎ የሚቀመጠው በዚሁ ድንኳን ሥር ብቻ ነበር።

«ወንድሜ ጌጡ ነው» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ለባሌ የአርባ ቀን ተዝካር ሰው ይመጣል፣ ጣራው ጥላሸት ያረግፍብናል ብየ ሳለቅስ ሰምቶ፣ ‹እኔ አበጀዋለሁ› አለኝ። ድንኳኑን ከነቀሉት አንዱ እሱ ነበር። እኔን ሸራ ከአንበሳሜ ገዛሁ አለኝ፤ አመሰገንሁት። ከዚያ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደወረደ ወባ ገደለው። በዓመቱ ዝናብ ሲያፈስ ይህ ጽሑፍ ወጣ።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር ወጥቸ ነበር። ከበር ተመለስሁ። አፈር የለበሰ ወንድሜን በምን አፌ ሌባ ልበለው? ኖራ ቀባሁበት። በየዓመቱ ቀባሁበት። ለአባትሽ ጠላ ላክሁለት።»

ተናደድኩ። ቀስ በይ መባሌን ረሳሁና ጮኽኩ። «ጠላ! እሱ ስንት ክረምት ድንጋይ ላይ ሲደበደብ እርስዎ ጠላ ይላኩ?»

«በየለቅሶው አይቸዋለሁ» አሉ። «አንችስ ኩዌት ነበርሽ። እኔ አንድም ቀን ሳላየው አልቀረሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ኖራውን ከሹሩባቸው አራገፉ። «ሽማግሌ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሻለሁ? ግን በገዛ ድንኳኑ ሥር አስቀምጨ እሺ ልለው አልሆንልሽ አለኝ። ጊዜ የጠየቅሁት ልነግረው ነው። እንግዲህ እሑድ ለሁሉም እነግራለሁ። ላባትሽ ግን አሁኑኑ ንገሪው።»

ነገርኩት። አባቴ፣ «የት ጋ ነው ጽሑፉ?» ብቻ አለኝ።

«አንተ ከምትቀመጥበት በላይ» አልኩት።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ እትዬ አሰለፈች ተነሥተው የወንድማቸውን ስም ጠርተው ተናገሩ። ሃምሳ አለቃ ፈንታሁን ቀና ብለው ሰማዩን መረመሩ፤ ምናልባት ቀና ማለት የጀመሩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ አባቴ ላይ ተረባረበ፤ የሚስመው፣ ጉልበቱ ላይ የሚወድቀው ብዙ ነበር። ትናንት በነጠላ ጫፍ ይስቁ የነበሩት ዛሬ በዚያው ጫፍ እንባ ጠረጉ። እኔም ቂሜን ያዝኩ፤ ማን ማን እንደሳቀ አልረሳሁማ። በግርግሩ እትዬ አሰለፈች ብቻቸውን ወጥተው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ሞተ። ድንኳን ተተከለ። አባቴ አዲስ ባጠበው ኮቱ ሲመጣ ሰው ብድግ አለ፤ መካከል ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ አስቀመጡት። ከደስታዬ ብዛት እንባ እንባ አለኝ። የእሱ ዓይን ግን እንደለመደው ወደ ውጭ፣ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ድንጋዩ ላይ እትዬ አሰለፈች ተቀምጠዋል። ጃንጥላ አልያዙም። ካፊያው ነጠላቸውን አርሶታል።

አባቴ ተነሣ። የተሰጠውን ቦታ ትቶ፣ ጃንጥላውን ከጥግ አንሥቶ ወጣ። ፊታቸው ቆመ።

«ተነሽ፣ አሰለፈች» አላቸው። «ድንጋዩ የኔ ነው።»

«ተወኝ፤ አሁን የሚገባው ለኔ ነው።»

«እኔ አውቀዋለሁ፤ ለማንም አይገባም። ተነሽ ብያለሁ።»

ተነሡ። ጃንጥላውን ለእሳቸው ያዘላቸውና እሱ ካፊያው እየመታው ወደ ድንኳኑ አመጣቸው። ሁሉም አየ። ማንም ቦታ አልለቀቀም። አባቴ በሩ ላይ ቆመ፤ እሳቸው ካልተቀመጡ እንደማይቀመጥ ለሁሉም ገባው። መጀመሪያ የተነሡት ሃምሳ አለቃ ፈንታሁን ናቸው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የምስራች፣ ያኔ ያቋረጥሁትን ጸሎት መጨረስ ሳይኖርብኝ አይቀርም» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ሳቅኩ።