አራተኛው እግር

«እዚህ አትቀመጥም። የልጆቹ ቦታ ነው» አለች አክስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ ብቻ።

ከባሕር ማዶ ፂሙ ሸብቶ ቢመለስም ዛሬም ድረስ «ተማሪው» የሚሉት የሟች ልጅ፣ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቀረ።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

«አባትህን ጠይቀው፣ ከቻልክ። ወንድሜ በሰው ፊት ክዶሃል።»

እውነቷን ነው። አባቱ አናጺ ነበር። ልጅ ሲወለድለት ወንበር ይሠራል፤ ከመቀመጫው ሥር በመሮ ይጭራል፤ ለበኩሩ አንድ ጭረት፣ ለታናሽ እህቱ ሁለት። ተማሪው «መሮ አልይዝም» ብሎ በሄደ ማግስት ግን ያን ባለ አንድ ጭረት ወንበር ግቢ አውጥቶ አንድ እግሩን በመጥረቢያ ገነጠለው። «ልጄ አይደለም። ክጄዋለሁ» አለ። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ተማሪውን ተከተለው። ሰው ብድር ይክዳል፣ እምነት ይክዳል። ልጅ እንዴት ነው የሚካደው? ስንት መጽሐፍ ቢያገላብጥ አልገባውም።

እህቱ ሻይ ይዛ መጣች።

«ያ ወንበር ማገዶ ሆነ አይደል?» አላት በሹክሹክታ።

«ማን አለህ? ገንጥሎት ወርክሾፕ አስገባው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

ተጠግኖ ከእነዚህ ወንበሮች መሃል ቢኖርስ? ሻንጣውን ጣለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይነሱልኝ።»

የጎረቤታቸውን የሹፌሩን ወንበር ገለበጠው። ሁለት ጭረት። ቀጥሎ ያለውን ገለበጠ። ምንም የለውም። ለቀስተኛው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ብድግ ብድግ አለ።

«ትምህርት ሲበዛ ይኸው ነው» አለ ሹፌሩ። «ለቅሶ መጥቶ ዕቃ ይፈትሻል።»

በመጨረሻ አክስቱ የተደላደለችበት ብቻ ቀረ።

«አክስቴ፣ ተነሺልኝ።»

«ከሞትኩ በኋላ።»

እህቱ ትሪውን አስቀምጣ፣ በብብቷ ሥር ገብታ አነሳቻት። ተማሪው ወንበሩን ገለበጠው።

አንድ ጭረት። ሦስቱ እግሮች የድሮዎቹ ናቸው። አራተኛው ከሌላ እንጨት ተሠርቶ የገባ ነው፤ መጋጠሚያው ፀጉር አያሳልፍም። መቀመጫው በሰው ክብደት መሃሉ ጎድጉዶ ያብረቀርቃል።

«ማን ነበር የሚቀመጥበት?»

«የአባዬ የሥራ ወንበር እኮ ነው» አለች እህቱ። «ጠዋት ወንበር አልበቃ ሲለን ነው ያወጣነው። ሌላ ላይ ተቀምጦ አይሠራም ነበር። እኛንም አያስነካንም።»

አክስቱ ወንበሩን አየችው፤ የወንድሟን ልጅ አየችው።

«ድሮም ሰው የሌለውን አይክድም» አለች። መቀመጫውን በመዳፏ ጠርጋ ከልጆቹ ቦታ መሃል አቆመችለት።

ተማሪው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ፤ የጎደጎደውን ቦታ ላለመንካት።