ባለ ሁለት ስሙ ኪዱ

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ማንበብ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚያነብበትን ቤት ይምረጥ። ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ ልጄ ሒሩት በምታስተዳድረው ፔንሲዮን ውስጥ ሆኖ ማንበብን ለጠላቴም አልመክርም። ጄኔሬተሩ ቀጥ ባለ ቁጥር ገዳዩ የገባ ይመስላል።

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ዓይኔም እግዜር ይመስገን በመነጽር ይሠራል። የዘንድሮዎቹን ሁሉ ጨርሻቸዋለሁ። «ከአሳንሰሩ ያልወረደችው» ጥሩ ነው፤ መርማሪው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ጉርሻ ሳይቀምስ ይሮጣል፤ እናት የለውም ወይ አሰኝቶኛል። «የማይስቀው ዶክተር»ም ይነበባል፤ ሬሳ አበዛ እንጂ። የሁሉም ቁንጮ «ባለ ሁለት ስሙ እንግዳ» ነው። እሱን ያላነበበ ሰው ልጁን ለባል ባይሰጥ ይሻለዋል።

መጻሕፍቱን የሚያመጣልኝ ኪዱ ነው። ቶንፒንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የጭነት ዕቃ የሚያስተላልፍ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ከአዲስ አበባ በሚመጣ በረራ ሁሉ ዕቃ የሚይዝለት ወዳጅ አያጣም። የልጅ ልጄን፣ የሒሩትን ልጅ ሀሌሉያን ይፈልጋታል፤ እሷም አልጠላችውም። በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ይስምና «እማማ አስረሳሽ፣ አዲስ ወጥቷል» ብሎ አንድ መጽሐፍ ያስጨብጠኛል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የነቃሁበት እሱ ራሱ ባስታጠቀኝ እውቀት ነው።

ምክንያቱም መጻሕፍቱ ሁሉ የሚስማሙበት ነገር አለ። ገዳዩ ትሑት ነው። ጫማው ንጹሕ ነው። ለአሮጊት ስጦታ ያመጣል። ጁባ ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ አቧራ፣ የኪዱ ጫማ ምንጊዜም ያበራል። ይኼ ደህና ነገር ነው?

የበር ዘበኛችንን ላዶን ጠርቼ «ይህን ልጅ እስቲ በዓይንህ ተከተልልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ሀቦባ፣ ኪዱ ዴ ዞል ኩዌስ» አለኝ። አያቴ፣ ይኼ ኪዱ ጥሩ ሰው ነው ማለቱ ነው። በ«ከአሳንሰሩ ያልወረደችው» ውስጥም ዘበኛው እንደዚሁ ብሎ ነበር፤ ምዕራፍ አራት ላይ ቀበሩት።

ኪዱ ሀሌሉያን ለመጠየቅ እሑድ ሽማግሌዎች ሊልክብን ሰሞን ነው ጉዱ የወጣው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ሳነብ፣ ኪዱ ከታች፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን ቆሞ ስልክ ያወራል።

«አይ፣ ኪዱ አይበሉኝ፤ ሠርፀ ነው» ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ ያለውን ጄኔሬተሩ ዋጠው። ዝቅ ሲልለት ደግሞ እንዲህ አለ፦ «የእማማን ስም ገና አላገኘሁም… ያለ ስም መጀመር አይቻልም አይደል? እሺ። ሰባት ቀን ከተያዘልኝ ይበቃል። እኔ የምፈልገው እንዲተኙ ነው።»

እንዲተኙ! ሊያጠፋኝ እንኳ አንቱ ብሎኝ ነው። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያንቀጠቀጠኝ።

ለሒሩት ብነግራት «እማዬ፣ መጽሐፉን ትንሽ ቀነስ አድርጊ» አለችኝ፣ መድኃኒት የምታዝልኝ ይመስል። ቤታችን ግን ሥርዓት አለው። የሀሌሉያ አባት ከሞተ ወዲህ ያለ እኔ ቃል እሺም እምቢም አይባልም። ቃሌ እሑድ ይፈለጋል። ልጂቱን ለባለ ሁለት ስም ሰው አሳልፌ ብሰጥ በሰማይ አባቷ ምን ይለኛል?

በማግስቱ ሀሌሉያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣቶቼን ማሻሸት ጀመረች።

«እማምዬ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?»

ጣቶቼን ከእጇ ነጠቅኩ። «ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲሁ ነዋ! የአያቴን ስም አላውቅ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሳታውቂው አድገሽ የለ?»

«ኧረ እማምዬ! ስም ነው የጠየቅሁሽ፣ ኩላሊት አልጠየቅሁሽ።»

እናቴ ነፍሷን ይማርና የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ስሙ ደብተራ እጅ ከገባ አለቀልሽ ትለኝ ነበር። ታዲያ ባለ ሁለት ስሙ ልጅ ስሜን ፈልጎ ሲያጣ፣ የገዛ የልጅ ልጄ መጥታ ስትጠይቀኝ፣ ምን ልበል? ዓይኗን አየሁት፤ የዋህ ነው። አሳስቷታል ማለት ነው። እኔም እንደ መርማሪ አሰብኩና ጎረቤቴን ማሚቱን አስታወስኩ።

ማሚቱ ከፔንሲዮኑ ጎን በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ በሥላሴ ማኅበር አብራኝ የምትጠጣ፣ መጽሐፎቼን እየተዋሰች ሽፋናቸውን በበርበሬ የምታቀላ ሴት ናት። የክርስትና ስሟን በማኅበሩ ምክንያት አውቀዋለሁ።

«ወለተ ሥላሴ» አልኳት።

ሀሌሉያ ጉንጬን ስማ ወጣች። ማሚቱን አሳልፌ የሰጠሁ አይምሰላችሁ። ጠንካራ ሴት ናት፤ ስንቱን ችላለች፤ ይህንንም ትችለዋለች ብዬ ነው።

አልቻለችውም። በሁለተኛው ቀን ሱቋ ተዘግቶ አረፈደ። በሦስተኛው ደንበኛ በአረብኛ እየተከራከራት፣ ሚዛኑ ላይ አገጯን አስደግፋ ተኛች። «ማሚቱ! ማሚቱ!» ብዬ ስወዘውዛት አንድ ዓይኗን ገልጣ «አስረሳሽ፣ ምን ዓይነት ጣፋጭ እንቅልፍ መሰለሽ» ብላ መልሳ ከደነችው። ያቺ ከእኔ ጋር የማይስቀውን ዶክተር ስትፈራ የምታነጋ ሴት! ውሃዋን አሸተትኩ። ሻይዋን ደፋሁባት። የበርበሬውን ከረጢት ሳይቀር ፈተሽኩ። ምንም የለም። የጎበዝ ገዳይ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ምንም አይገኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሚመሯቸው ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። ኪዱ በልማዱ ደጅ መቅረት ነበረበት፤ እኔ «ይግባ፣ ፊቱን ማየት አለብኝ» ብዬ አስገባሁት። በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ አለባቸዋ። ማሚቱንም አስመጣኋት። ለስላሳዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ተኛች።

ጋሽ ኃይለመለኮት ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን…» ሲሉ ተነሣሁ።

«ቆይ! መጀመሪያ ይኼ ልጅ ይመልስልኝ። ማነህ አንተ?»

«ኪዱ ነኝ፣ እማማ።»

«ሠርፀስ ማነው?»

ቀላ። መቅላቱን ሁሉም አይቷል።

«ማሚቱንስ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የምታንቀላፋው? ለእኔ የደገስከው እሷ ላይ ወደቀ አይደል?»

ሒሩት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከጓዳ በኩል ድምፅ ሰማሁ፤ ሀሌሉያ በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። እኔ ያን ልቅሶ አውቀዋለሁ። አባቷ የሞተ ጊዜ እንዲህ፣ ድምፅዋን እየዋጠች ነው ያለቀሰችው። በየትኛውም መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ እንዲህ ያለ ልቅሶ አላነበብኩም።

ኪዱ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እማማ፣ ሠርፀ ድንግል የክርስትና ስሜ ነው። ሀሌሉያ እንቅልፍ እንደራቀዎት ነገረችኝ። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ሱባኤ ገብተው እንዲጸልዩልዎ ለመንኳቸው። ያለ ክርስትና ስም አይሆንም አሉኝ… ወለተ ሥላሴ ብዬ ሰጠኋቸው።»

ማሚቱ አንኮራፋች።

«ወለተ ሥላሴ እኮ ማሚቱ ናት» አለች ሒሩት ቀስ ብላ፣ ነጠላውን ከፊቷ ሳታወርድ።

የመጀመሪያዋን ሳቅ የሳቁት ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው። ቢይዙት እምቢ ብሏቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እማማ አስረሳሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ ሁለተኛ ስም የለዎትም?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ሁለት ስም አላቸው። ሒሩት ሁለት አላት። ያቺ የምታለቅሰው ሁለት አላት፤ በሰማንያ ቀኗ እኔው ነኝ ታቅፌ ያስነሣኋት። ቤቱ ሙሉ ባለ ሁለት ስም ነው። ይህን ደራሲው ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሦስት መቶ ገጽ ሲያስፈራራኝ አንዴ እንኳ የክርስትና ስም አላነሣም፤ ደራሲው ራሱ ክርስትና አለመነሣቱን መጠርጠር ነበረብኝ።

ማሚቱ በሳቁ ባነነች። «ሱባኤውን ለእኔ ነው የገቡልኝ? ኪዱ፣ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ! በል ሌላ ሰባት ቀን አስጨምርልኝ።»

«አርፈሽ ተኚ!» አልኳት።

ሀሌሉያ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። ሽማግሌዎቹ ቃሌን ይጠብቃሉ። ጫማው ዛሬም ያበራል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን አንደኛው ሶሉ አፉን ከፍቷል፤ አዲስ መስሎ እንዲታይ ነው ለካ እንዲያ የሚወለውለው።

«ና ወዲህ» አልኩት።

መጥቶ ተንበረከከ። ጆሮውን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ከቄሱና ከእናቴ በቀር ማንም ያልሰማውን የክርስትና ስሜን በሹክሹክታ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ይያዘው ብዬ ደገምኩለት።

ጋሽ ኃይለመለኮት «ታዲያ ቃልዎ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሰጠሁ እኮ!» አልኳቸው።

ሀሌሉያ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እልልታውንም ሒሩት አቀለጠችው። እንቅልፌ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ስሜን ግን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ማን እንደሆናችሁ በምን አውቄ?