የሙሄ እንግዶች

"እትዬ በላይነሽ፣ ቅዳሜ እንግዳ አለብን፤ ምንጣፍሽን አውሺኝ" አለችኝ ነዒማ። ጎረቤቴ ናት፤ ቤታችንን የሚለየው የእሾህ አጥር ብቻ ነው። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ ስትነግረኝ ራሴን ያዝኩ። ለካስ ከትምህርት ቤት ነው የሚመጡት! መንግሥት ለችግረኛ ተማሪዎች ተጨማሪ በጀት ለቋል፤ ከቀወት ገጠር ወጥተው ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች ሸዋ ሮቢት ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ቀለብ ችሎ ሊያስተምራቸው ነው። የነዒማ ልጅ ሐያት ስምንተኛን በደንብ አልፋለች። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ደግሞ ማን እንደተቸገረ በየቤቱ እየዞረ በዓይኑ ያያል።

"ታዲያ ችግርሽን ሊያዩ ለሚመጡ ሰዎች ምንጣፍ ታነጥፊያለሽ? አብደሻል እንዴ?" አልኳት።

"ሙሄ ነው። እንግዳ ቤቴ መጥቶ አፈር ላይ አይቀመጥም አለ።"

አይ ሙሄ! ባሏን አውቀዋለሁ። አምና ክረምት ወንዙ መሬቱን ጠርጎ ከወሰደበት ወዲህ በሰው ማሳ ማሾ እየለቀመ ነው የሚያድረው። በሬዎቹም ተሸጠዋል። ሰው ደጁን ሲረግጥ ግን ያ የድሮው ሙሄ ይሆናል። በኛ አገር እንግዳ ሳይበላ ከወጣ ለባለቤቱ ሞት ነው፤ እኔም ብሆን ከዚያው ነኝ። ግን ለዚህ ቀን እንኳ ትንሽ ቢተወው ምን ነበረበት?

ልጅቷ ካልተማረች ምን እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። ደላላው ሁለት ጊዜ መጥቶ ዓረብ አገር ላድርሳት ብሎ ሙሄን አነጋግሮታል። የኔን ሳምራዊትንም የወሰዳት እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ደወለችልኝ፣ አለቀሰች፣ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የልጄን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ምንጣፉን ሰጠኋት። ምን ላድርግ? ወንበሮቹን ከጎረቤት ከእነፋዲላ፣ ትሪውንና ብርጭቆውን ከባለሱቁ ከኑዕማን ቤት አመጡ። በዚያ ላይ ነዒማ እንደገና መጣች። ከእንግዶቹ አንዱ መምህር ሰለሞን ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ያረዱትን አይበላም። እንዲህ ሲሆን የክርስቲያኑ ምግብ ከክርስቲያን ጎረቤት ይሄዳል፤ ወጋችን ነው። እየተነጫነጭኩ የነበረችኝን ቋንጣ አውጥቼ ፍርፍር ሠራሁ፤ ባለአበባዋ ጎድጓዳ ሳህኔ ላይ አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ።

ስገባ ቤቱ የሰርግ ቤት መስሏል። ጋሽ ከቢር፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ የዶሮ ወጡን እያጣጣሙ ነው። ሙሄ ቆሞ "ብሉ እንጂ፣ በአላህ!" ይላል። ሐያት ማስታጠቢያ ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። ፊቷን አየሁት፤ ደም የለውም። የታረደችው ዶሮ የሷ ናት። እንቁላሏን እየሸጠች ደብተር የምትገዛባት እሷ ነበረች።

መምህር ሰለሞን ፍርፍሩን ከቀመሰ በኋላ ዙሪያውን ቃኘ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

"ጋሼ ሙሄ፣ እንግዲህ እርስዎስ ደህና ነዎት መሰለኝ። ልጆች ብዙ ናቸው፣ የተሰጠን ቦታ ጥቂት ነው። ከእርስዎ የባሰ ይኖራል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሙሄ። "ምን ጎድሎብን!"

ምን ጎድሎብን! ነዒማ አንገቷን ደፋች። ከሐያት እጅ ማስታጠቢያው አምልጦ ውሃው ምንጣፌ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ልትጠርግ ተንበርክካ ቀና አላለችም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሳምራዊቴም የሄደች ለታ እንዲሁ ነበር አንገቷን የደፋችው።

"መምህር" አልኩ፣ "የተነጠፈልዎት ምንጣፍ የኔ ነው።"

"በላይነሽ!" አለ ሙሄ።

"ወንበሩ የነፋዲላ ነው፤ ትሪው የኑዕማን። ጋሽ ከቢር የሚበሏት ዶሮ የዚች ልጅ ደብተር ነበረች። እዚህ ቤት ውስጥ የራሳቸው የሆነ ነገር ቢኖር ይቺ ልጅ ብቻ ናት። እሷንም ደላላ እየጠበቃት ነው!"

ጋሽ ከቢር እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሡ። "አስተግፊሩላህ" አሉ ቀስ ብለው። መምህሩ መሬት መሬት አየ። ማንም አንድ ጉርሻ አልደገመም።

ሙሄ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። እንግዶቹን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰና፣

"በእንግዶቼ ፊት ራቁቴን አቆምሽኝ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አልመለሰም።

ሐያት ተመረጠች። መስከረም ላይ ወደ ሮቢት የሚወስዳት ባጃጅ ደጃፍ ቆሞ እያለ ልትሰናበተኝ መጣች። በእጇ ሳህኔን ይዛለች። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎም ይሁን ጨው፣ ያለው ነገር ጣል ይደረግበታል። ባዶ የመለሰ ሰው ጉርብትናው ይብቃን ማለቱ ነው። ሳህኔ ታጥባ ታበራለች። ውስጧ ምንም የለም።

"እትዬ በላይነሽ፣ እናቴ ማሾ ልታደርግበት ነበር፤ አባቴ ግን..." አለችና አለቀሰች።

"ዝም በይ አንቺ፣ ባጃጁ ይሄድብሻል!" አልኳት። አገላብጬ ሳምኳት። "ደውይልኝ እሺ? ስትደርሺ ደውይልኝ።"

ባጃጁ ሲነሣ ሙሄ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነበር፤ እኔ ወዲህ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም ከቦታችን አልተነቃነቅንም። በኩታው ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

"እንኳን ደስ አለህ፣ ሙሄ" አልኩት።

ዞር ብሎ ሳያየኝ ገባ። እኔም ባዶ ሳህኔን ይዤ ገባሁ። ማታ ሐያት ደወለች።