ለማሽላ የተነፋ ጥሩንባ

«እኮ ማን ሞተ?» አለች ኡሙሀኒ፣ በገዛ ደጇ ላይ ቆማ።

ግቢዋ ሞልቷል። ወንዱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከፊሉ አጥር ተደግፎ፣ ከፊሉ ከግራሯ ሥር ተኮልኩሎ፣ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ባንቺአየሁ ገና ከበር ስትገባ ጀምራ እንባዋን ታዘራለች።

«ባንቺ፣ ማን ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«አንቺ... አልነገሩሽም?» አለች ባንቺአየሁ። «እኛማ ጥሩንባውን ስንሰማ...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

ቀሪውን ኡሙሀኒ በልቧ ጨረሰችው። በመንደሩ የታመመ ሰው የለም። የዘጠና ዓመቷ የአያ አራጋው እናት እንኳ ትናንት በደህና ሰው ሲራገሙ ውለዋል። የታመመ ሳይኖር የቅሬው የመርዶ ጥሩንባ ከተነፋ፣ የሞተው ሩቅ ያለ ሰው ነው። ሩቅ ያለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባሏ ኢስሃቅ።

ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ያስደነገጣት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ስልሳ ሰው ማንም ስም ሳይነግረው፣ እግሩ በቀጥታ ወደ እሷ ግቢ አመጣው። ለካ ፊቷ ላይ «አብሽሪ፣ ይመጣል» የሚላት ሁሉ ይቺን ቀን እየጠበቀ ነው የኖረው።

በዚህ መሀል ነው አሻግሬ እያለከለከ የደረሰው።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ተው!»

አሻግሬ ልጅ ሳለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዳዊት ደግሟል፤ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ፍርድ ቤቱ ደጅ ዣንጥላ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ ይጽፋል። ድቁናውን ትቶ ብዕሩን ይዞ ወጣ ይሉታል። ከኋላው ጥሩንባ ነፊው ሀምዱ፣ አዝመራ ውስጥ እንደተያዘ ፍየል አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል።

«አንተ ሀምዱ! ነፍተህ ስታበቃ ‹ስለ ዘር ስብሰባ አለ፣ ዋርካው ሥር ኑ› በል አላልንህም?»

«ልል ነበር» አለ ሀምዱ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ እዚህ ቦታ ነው› ስል ኖሬ፣ ‹ዘር› የሚለው ከአፌ አልወጣ አለኝ። የሚቀበር እንጂ የሚከራከር ሰው ጠርቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። «ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?» አለች ባንቺአየሁ። «አስቀምጪው፣ ለኔ ይሆናል» አላት ሀምዱ። ኡሙሀኒም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። የሚስቀው ሰው ሁሉ ዓይኗን ይሸሻል።

በጥሩንባ መጥራቱ የአሻግሬ ሐሳብ ነበር። ደወሉ ግማሹን ይጠራል፣ አዛኑ ግማሹን ይጠራል፤ እስላም ክርስቲያኑን በአንድ የሚጠራው የሚያስቀብረው ማኅበር፣ ቅሬው ነው ብሎ። ብልሃቱ ደህና ነበር። ጥሩንባው የለመደውን እንደሚያመጣ ነው የዘነጋው።

የቅሬው ዳኛ አያ አራጋው ከዘራቸውን ተከሉ። «እንግዲህ መጥተናል። ቤቱ የኢስሃቅ ቤት፣ ዘሩም የኢስሃቅ ዘር። እዚሁ እንነጋገር።»

ኢስሃቅ ማሽላ የሚያውቅ ሰው ነበር። «ነበር» ኡሙሀኒ ዘንድ አያስኬድም፤ ነው እንበል። ሌላው ገበሬ ዘሩን የሚመርጠው አውድማ ላይ ነው። እሱ ግን ማሽላው ቆሞ ሳለ፣ ጥቅምት ሲገባ፣ ቀይ ክር በኪሱ ይዞ ማሳው ውስጥ ብቻውን ሲዞር ይውላል። ወፍ ያልደፈረውን፣ ነፋስ ያላጋደመውን፣ ለመብሰል ያልቸኮለውን አገዳ አይቶ አንገቱ ላይ ክር ያስርበታል።

«እንዴት ነው የምትመርጠው?» ስትለው፣

«አንቺን እንደመረጥኩሽ» ይላታል።

«እኔንማ አባትህ ናቸው የመረጡልህ።»

«ይሁን፤ ክሩን ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ማሽላው ከአምባሰል ቆላ እስከ ሐይቁ ዳር «የኢስሃቅ ዘር» ይባላል። ለለመነው ሁሉ በቅል ያፈስለታል፤ ምትክ አይቀበልም። «ሲበዛልህ ለሌላ» ብቻ ነው የሚለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት፣ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቀርብ፣ ክሩን አስሮ በጨረሰ በማግስቱ ከሚሊሻው ጋር በውጫሌ በኩል ወጣ። «ለአጨዳው እደርሳለሁ» አላት። ሌላ ቃል አልተወላትም። እሷም ሸሽታ ግሸን ግርጌ እህቷ ዘንድ ከረመች። ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ ማሳው ግማሹ ተረጋግጧል፣ ግማሹን ከብት ገብቶበታል። ቀይ ክር ያለባቸው አሥራ ሰባት አገዳዎች ግን ቆመው ጠበቋት። አጨደቻቸው። ዛላዎቹን በዚያው ክር አስራ ከምድጃዋ በላይ፣ ጭሱ ከነቀዝ እንዲጠብቃቸው ሰቀለቻቸው። አልዘራቻቸውም፤ አልቀመሰቻቸውም። «ሲመጣ ራሱ ይዘራቸዋል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ለማሳዋ የሚሆነውን ራሷ ትመርጣለች። ማሽላው ማሽላ ነው፤ ከኢስሃቅ ዘር ግን እየራቀ ሄደ። የራሱም መልክ እንዲሁ ከዓይነ ልቦናዋ ራቀ። አንዳንድ ቀን ወጥ እያማሰለች፣ የልጅነት ጠባሳው ከቅንድቡ በላይ ነበር ወይስ በታች እያለች ወጡ ያርርባታል። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ «የሟች ቤተሰብ» በሚል አልመዘገብም አለች። «እሺ፣ እማወራ ልበልሽ?» ቢላት መዝጋቢው፣ «አባወራ አለኝ» አለችው። «የት ነው?» «መንገድ ላይ።» ስንዴው ቀረባት።

አሻግሬ የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን ዘረጋው።

«አገራችን ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር የንግድ ድርድር ላይ ናት። ሸቀጥ ይግባ፣ ቀረጥ ይቅር፤ እሱን ለነሱ እንተወው። ነገር ግን ሬዲዮ ላይ ምሁራኑ ሲከራከሩ ሰማሁ። ሌላ አገር እንዲህ ያለው ድርድር ሲያልቅ ዘር ባለቤት ወጣለት አሉ። ባለቤት የወጣለትን ዘር ደግሞ ከአዝመራህ ቀንሰህ መልሰህ ልዝራ፣ ለጎረቤትም ልስጥ ብትል ያለ ፈቃድ አይሆንም። የኛም እንዲህ ይሆናል አልልም። እንዳይሆን ግን ሳይፈረም መናገር ነው።»

«ባለቤቱ ማነው?» አለ ሀምዱ።

«ቀድሞ ያስመዘገበው።»

«ሳይዘራው?»

«ሳይዘራው።»

«ኧረ በነቢ! ታዲያ እኔ ያንተን ሚስት ቀድሜ ባስመዘግባትስ?»

«ውሰዳት፤ ፈቃድ አልጠይቅህም።»

ሳቁ ሲበርድ ባንቺአየሁ ተነሣች። «ቆይ እስቲ፣ ድርድሩ ላይ እኛን ወክሎ የተቀመጠው ማነው? ልጅ ስንድር እንኳ ሽማግሌ የምንልከው እኛ ነን። ሳንልከው የሄደ ሽማግሌ የማንን ልጅ ነው የሚድረው?»

ነገሩን የቆረጠው ይኸው ጥያቄ ነው። በገበያ ቀን ሰልፍ ይወጣል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው የቤቱን ዘር በእጁ ይዞ። ዱላ ይዞ የሚመጣ ቤቱ ይቅር። «ዘራችን ድርድር ውስጥ አይግባ» የሚል ማመልከቻ ለወረዳው ይሰጣል፤ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ከነአሻራው ይሰፍርበታል።

አሻግሬ ወረቀቱን አሰመረ። ሰው እየተነሣ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ያትማል። ኡሙሀኒ ጋ ሲደርስ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

«አባወራ... ወይስ እማወራ?»

ጥቂት ቀደም ሲል ለባሏ ያለቀሰው ሰው ሁሉ አሁን ብዕሩን ያያል።

«ኢስሃቅ ብለህ ጻፍ።»

«ጻፍኩ። አሻራውስ?»

«ቦታ ተውለት።»

«እታለም» አለ አሻግሬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የቢሮ ሰው ባዶ ቦታ አይወድም። የሌለ ሰው አስገብታችኋል ብለው የስልሳውን ቤት ወረቀት ቢጥሉትስ? እማወራ ብዬ በስምሽ ላድርገው። ወረቀት ነው እኮ!»

«ወረቀት ከሆነ ምን አስጨነቀህ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከጥሩንባው በፊት ብትጠይቀኝ እሺ እል ይሆናል። ዛሬ ግን ስልሳ ሰው ግቢዬ ድረስ መጥቶ ቀበረው። እኔም በጣቴ አፈር ልመልስበት?»

ከግራሯ ሥር ያሉት ሴቶች ያዘቀዘቁትን ነጠላ ቀስ ብለው አስተካከሉ።

አያ አራጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቅሬው መዝገብ ኢስሃቅ አልተሰረዘም። የቅሬው ሥራ ተራ ሲደርስ ኡሙሀኒ ትቆማለች፤ ስሙ ግን የሱ ነው። ያልቀበርነውን አንሰርዝም። ሁለት መስመር ስጣቸው፤ ለሱ ባዶውን፣ ለሷ አሻራዋን።»

«አያ፣ ሕጉ ለአንድ ቤት አንድ መስመር ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የኔ። ወረቀት እንዳያልቅብኝ ብዬ» አለ አሻግሬ፤ ሁለተኛውን መስመር ግን አሰመረ።

ኡሙሀኒ ከባዶው ቦታ ሥር አውራ ጣቷን አተመች። ቀለሙ ሳሙናም አመድም አላስለቀቀው፤ ሦስት ቀን ጣቷ ላይ አደረ። ሊጥ ስታቦካ ታየዋለች፤ አጠገቧ ሌላ ጣት የጎደለ ይመስላታል።

የገበያው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ባንቺአየሁ ብቅ ስትል፣ ኡሙሀኒን በርጩማ ላይ ቆማ ከምድጃው በላይ እጇን ዘርግታ አገኘቻት።

«አንቺ! ልታወርጂው ነው?»

«ሌላ ዘር ይዤ ብወጣ ይቀየመኛል።»

ዛላዎቹ በጭስ ጠቁረዋል። አንዱን በመዳፏ አሸችው፤ ፍሬው ከጥቀርሻው ሥር እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቆይታ ሌላውን አሸች። ስምንቱን አሽታ ስትጨርስ ሰፌዱ ላይ ያለውን በእጇ እያፈሰሰች ቆየች።

«ራሱ ይዘራዋል ብለሽ አልነበረም?» አለች ባንቺአየሁ፣ ለስለስ ብላ።

«ብዬ ነበር። እኔ ሃያ ዓመትም እጠብቀዋለሁ፤ ዘሩ ግን ዕድሜው እንደኔ አይደለም። ዘንድሮ አፈር ካላየ እምቢ ይለኛል።» አንድ እፍኝ አፍሳ ለባንቺአየሁ ነጠላዋ ላይ ገለበጠችላት። «ሲበዛልሽ ለሌላ።»

«ሲመጣስ ምን ትይዋለሽ?»

«ክሩን አሳየዋለሁ።»

በማግስቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ወደ ከተማው ወጡ። ስልሳው ቤት ስልሳ ዓይነት ነው፤ ማሽላ፣ ጤፍ በቅል፣ ሽምብራ በመሀረብ። ሀምዱ ጥሩንባውን ቤትህ ተው ስለተባለ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሁለት ጊዜ ሳያውቅ እጁን እንደ ጥሩንባ አፉ ላይ አድርጎ፣ ኋላ የሚያስል አስመሰለ። ገበያተኛው ደግሞ ሰልፍ መሆኑ አልገባውም።

«እናት፣ ይቺ ማሽላ በስንት ናት?» አላት አንዱ ኡሙሀኒን፣ ቀይ ክሩን ሊነካ እጁን እየሰደደ።

«አትሸጥም።»

«ካልተሸጠች ገበያ ምን አመጣት?»

«አትሸጥም ለማለት ነው የመጣችው።»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ ጥቂት አብሯቸው ሄደ፤ ቆይቶም ቀረ።

ወረዳው ቅጥር ግቢ አንድ ጎልማሳ የሥራ ኃላፊ ወጥቶ ተቀበላቸው። ትሑት ሰው ነው፤ አያ አራጋውን እጅ ነሥቶ ማመልከቻውን ቆሞ አነበበው። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እየመጣ ዛላዎቹን ያንሿሿቸዋል።

«ሐሳባችሁ ገብቶኛል፤ ወደ በላይ እናስተላልፈዋለን» አለ። «ነገር ግን ይኼ ጉዳይ ገና ድርድር ላይ ነው። የተፈረመ ነገር የለም። ያልተፈረመን ነገር ደግሞ አለ ማለትም፣ የለም ማለትም አይቻልም። መታገሥ ነው።»

«እስከ መቼ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ይኼን እኔም አላውቀውም፣ እናቴ።»

ወረቀቱን ገለበጠ። ጣቱን ከአሻራ አሻራ እያወረደ ቆጠረና አንድ ቦታ ቆመ። አሻግሬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይኼ ኢስሃቅ የሚባለው...» አለ ሰውየው ቀና ብሎ። «ስም አለ፣ አሻራ የለም። ሰውየው አለ ወይስ የለም?»

ሀምዱ ሳል ያዘው። ኡሙሀኒ ቀይ ክር የታሰሩትን ዘጠኝ ዛላዎች ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«ገና ድርድር ላይ ነው» አለችው።